የግቢዎን ወፎችና አውሬዎች የሚዘግብ ብሎግ መሥራት፦ በግል ለሚሠራ ዲዛይነር ዝርዝር መመሪያ

በግሉ መሥራት የጀመረ የብሎግ ዲዛይነር ከደንበኛ ጋር ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «እስካሁን የሠራኸውን እስቲ አሳየኝ» የሚል ነው። ለዚህ መልስ እንዲሆናቸው ብዙዎች የሌለ ካፌ ወይም የሌለ ሆቴል ይፈጥሩና ከበይነ መረብ ባወረዷቸው የባዕድ አገር ፎቶዎች ያስጌጡታል። ልምድ ያለው ደንበኛ ይህን ባንድ አፍታ ይለየዋል። ጽሑፉ ቦታ መሙያ ነው፤ ፎቶውና ጽሑፉ አይተዋወቁም፤ ገጹን ማን እንደሚያነበው የሠራው ሰው ራሱ አያውቅም። ዲዛይነሩም ከእንዲህ ያለው ሥራ የሚማረው ጥቂት ነው። ርዕስ ከሁለት መስመር ሲያልፍ፣ ፎቶ ሲጨልም፣ አንዱ ጽሑፍ አምስት መስመር ሌላው አምስት ገጽ ሲሆን ምን እንደሚደረግ አልተፈተነም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን የማሳያ ሥራዎን በራስዎ ግቢ ላይ እንዲሠሩ እመክራለሁ። ቤት ሆኖ የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ በመስኮቱ አጠገብ ነው፤ በመስኮቱ ማዶ ደግሞ የሚጻፍ ነገር ሞልቷል። በተለይ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይህ እውነት ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በእንጦጦ ግርጌ ስለተቀመጠች፣ የሌላ አገር ሰው ለማየት አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣባቸው ወፎች በቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ ያርፋሉ። በኢትዮጵያ የተመዘገቡት የወፍ ዝርያዎች ከ850 በላይ ናቸው። ከእነዚህ ጥቂቶቹ እንኳን ወደ ግቢዎ ቢመጡ ለዓመት የሚበቃ ይዘት አለዎት፤ ይዘቱም የሌላ ሰው የማይሆን የራስዎ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ከጠረጴዛ አቀማመጥ ጀምሮ ሥራውን ለደንበኛ እስከ ማሳየት የሚሄድ መንገድ ነው። ምሳሌዎቹ የአዲስ አበባ ናቸው። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ያሉ አንባቢዎች ወፎቹን በራሳቸው ይተኩ፤ አሠራሩ አይለወጥም።

1. ጠረጴዛው የት ይቀመጥ

ጠረጴዛውን ከመስኮቱ ጎን ያድርጉት። ፊትዎን ወደ መስኮቱ ካዞሩ ከውጭ የሚገባው ብርሃን ዓይንዎን ያደክማል፤ ጀርባዎን ከሰጡ ደግሞ ብርሃኑ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል፣ የሚመርጧቸው ቀለሞችም ይሳሳቱብዎታል። ጎን ለጎን ሲሆን ግን አንገትዎን ትንሽ በማዞር ብቻ ግቢውን ያያሉ።

ለረጅም ሰዓት ስክሪን ላይ ለሚያፈጥ ሰው የዓይን ሐኪሞች የሚሰጡት የታወቀ ምክር አለ፦ በየ20 ደቂቃው ዓይንን ከስክሪን አንስቶ ስድስት ሜትር ያህል ርቆ ወዳለ ነገር ለ20 ሰከንድ ማየት። ይህን ዕረፍት ለግቢው ይስጡት። የግቢው አጥር፣ የጎረቤት ዛፍ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ሁሉ በዚያ ርቀት ላይ ናቸው። ሥራዎን ሳያቋርጡ የሚያዩት ነገር ብዛት ያስገርምዎታል።

አቅም ከፈቀደ 8 በ42 የሚባለውን ባይኖኩላር ይያዙ። ስምንቱ የሚያጎላበት መጠን ነው፤ 42ቱ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ በላይ የሚያጎላ በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል። ከሌለዎትም ግን አይዘግዩ፤ የከተማ ወፍ ሰውን ለምዷልና ቅርብ ይመጣል።

መስኮትዎ ሰፊና የሚያንጸባርቅ ከሆነ ወፎች ሰማዩን የሚያዩ መስሏቸው ይጋጩበታል። በመስታወቱ የውጭ ገጽ ላይ በአምስት አምስት ሴንቲ ሜትር ርቀት ነጥቦችን ወይም ጭረቶችን ይለጥፉ። በመሐል አንድ ትልቅ ተለጣፊ ማድረግ አይጠቅምም፤ ወፉ እሱን ሸሽቶ ከጎኑ ይጋጫል።

2. ማን እንደሚመጣ ማወቅ

ይህን ክፍል አይዝለሉት። ብሎጉን ከሌሎች የሚለየው ዲዛይኑ ብቻ ሳይሆን የሚናገረውን ማወቁ ነው።

ጎህ ሲቀድ በኃይል እየጮኸ በቡድን የሚያልፈው፣ ጥቁር ቡናማ መልክ ያለው፣ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የጎበጠው ትልቅ ወፍ ዋትልድ አይቢስ ይባላል። ጉሮሮው ሥር ቀጭን ሥጋ ይንጠለጠላል፤ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ ይታያል። ሣር ባለበት ግቢ ወርዶ አፈሩን እየወጋ ትል ይለቅማል። በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። ጩኸቱን ሰምቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ስለ እሱ የተጻፈ የአማርኛ ገጽ ግን ፈልገው ይዩ።

ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፣ ምንቃሩ እጅግ የወፈረው ቁራ ሌላው የእኛ ወፍ ነው። ከቁራ ወገን በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን መኖሪያው የአፍሪካ ቀንድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ጉልላትና በድሮ ሕንፃዎች ላይ የሚያድረው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለው ግራጫ እርግብም እንዲሁ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። ከእሱ ጋር የሚምታታው፣ በዓይኑ ዙሪያ ቀይ ቆዳ ያለውና ክንፉ በነጭ ነጠብጣብ የተዥጎረጎረው እርግብ ግን በአፍሪካ በብዙ ቦታ አለ። ሁለቱን በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ማሳየት ለጀማሪ አንባቢ ትልቅ ውለታ ነው፤ ለዲዛይነሩም ጥሩ የንጽጽር ገጽ ልምምድ ይሆናል።

አበባ ላይ የሚያንዣብበው፣ ምንቃሩ ቀጭንና የጎበጠው ትንሽ ወፍ በደጋው ግቢዎች የታወቀ ነው። አንደኛው ዝርያ በተከዜ ወንዝ ስም ተሰይሟል። ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ስታርፍበት ወይን ጠጅና መዳብ የሚመስል ቀለም ያወጣል፤ ከጅራቱ መሐል ሁለት ላባዎች ረዝመው ይወጣሉ። ቢጫና ጥቁር የሆነው ሸማኔ ወፍ፣ በመንጋ እየመጣ ፍሬና ቅጠል የሚያጠፋው ባለ ረጅም ጅራቱ ግራጫ ወፍ፣ ዋኔ፣ ድንቢጥ፣ ከንጋት በፊትና ጀንበር ስትጠልቅ ከቁጥቋጦ ውስጥ የሚዘምረው ባለ ነጭ ቅንድብ ብርቱካናማ ወፍ፣ እነዚህ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ አብረውን ያሉ ናቸው። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ደግሞ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ የሸሹ እንግዶች ይጨመራሉ። ጅራቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ሣር ላይ የሚሯሯጠው ቢጫ ወፍ ከእነሱ አንዱ ነው።

በፋሲካና በገና ግቢ ውስጥ ቅርጫ ሲታረድ ሰማዩን ይመልከቱ። ጅራቱ የተሰነጠቀው ጭልፊት፣ ቁራውና ጥንብ አንሳው ከየት መጡ ሳይባል ይሰበሰባሉ። ባለ ሮዝ ፊቱ ትንሹ ጥንብ አንሳ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገብቷል። እኛ ግን ቄራ አጠገብና ቆሻሻ መጣያ ላይ በየቀኑ ስለምናየው የበዛ ይመስለናል። አንባቢዎችዎ ይህን ማወቅ አለባቸው፤ ለእኔ ይህ አንድ ገጽ ብቻ እንኳን ብሎጉን ለመክፈት በቂ ምክንያት ነው።

የሌሊቱን ወገንም አይርሱ። ከተማዋ ዳር ባሉ ሰፈሮች ጅብ እስከ አጥር ሥር ይደርሳል፤ ዶሮ ያለበት ግቢ ሸለምጥማጥ ይጎበኘዋል፤ ጉጉት ጣሪያ ላይ ታርፋለች፤ በክረምት እስስት አጥር ላይ ትታያለች።

የማያውቁትን ወፍ ለመለየት ሜርሊን የሚባለው ነጻ መተግበሪያ ይረዳል፤ ኢትዮጵያን የሚመለከተውን ጥቅል አስቀድመው ካወረዱ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። መተግበሪያው የሚሰጠውን መልስ ግን እንደ ጥቆማ ይያዙት፤ ምንቃሩን፣ እግሩንና ጅራቱን ራስዎ ሳያመሳክሩ በብሎግዎ ላይ ስም አይለጥፉ።

3. ግቢውን ማመቻቸት

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ውኃ ነው፤ በበጋ በተለይ። ጥልቀት የሌለው ሰፊ የሸክላ ሳህን ከመሐሉ ድንጋይ አድርገው ከአምስት ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውኃ ይሙሉት፤ ድመት ከማትደበቅበት ገላጣ ቦታ ያስቀምጡት። ውኃውን በየቀኑ ይቀይሩ፤ ካልሆነ የወባ ትንኝና የበሽታ መራቢያ ይሆናል።

ከተክል የአገራችንን ያስቀድሙ። እሬትና ራስ ክምር ሲያብቡ አበባ ቀሳሚዎቹን ወፎች ይጠራሉ፤ አጋም፣ ቀጋና ወይራ ፍሬ ይሰጣሉ፤ ጽድ መጠለያ ይሆናል። ቦታ ከሌለዎት በረንዳ ላይ በቆርቆሮ የተተከለ አንድ እሬት ይበቃል።

ዳቦና የተረፈ ወጥ አይስጡ፤ ጨውና ቅባቱ ይጎዳቸዋል። የአይጥ መርዝ አይጠቀሙ፤ የተመረዘችውን አይጥ የበላች ጉጉትም ትሞታለች። ጦጣ የሚመጣበት ሰፈር ከሆኑ ፈጽሞ አያብሉ፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጦጣ ነገ የልጅ እጅ ይነክሳል። አጥንትና ሥጋ ሌሊት ከበር ውጭ መጣል ጅብና ባለቤት የሌለው ውሻ መጥራት ነው። ማንኛውም አውሬ ወይም ውሻ ነክሶ ወይም ቧጭሮ ካቆሰለዎት ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ የሚያድነው አስቀድሞ ሲሰጥ ነው።

4. መዝገብ መያዝ

ማስታወሻ ደብተር ከጠረጴዛዎ ላይ አይራቅ። ቀን፣ ሰዓት፣ የአየር ሁኔታ፣ ምን ዓይነት፣ ስንት፣ ምን ሲያደርግ፣ የት ላይ። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው «ምን ሲያደርግ» የሚለው ነው። «ሁለት ሸማኔ ወፎች» የሚል ማስታወሻ ከወር በኋላ ምንም አይነግርዎትም፤ «ወንዱ ከጎረቤት ሙዝ ላይ ቅጠል እየሰነጠቀ ወሰደ፣ ሴቷ አየችውና ሄደች» የሚለው ግን ራሱ ጽሑፍ ነው።

ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር ከጻፉ ጠዋት ወይም ማታ ብለው ይለዩ። መረጃውን ለዓለም አቀፍ መዝገብ ለመስጠት ከፈለጉ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው የኮርኔል የአዕዋፍ ጥናት ማዕከል መዝገብ ኢበርድ አለ። ከወፍ ሌላ ለሆነው ሁሉ አይናቹራሊስት ይሻላል።

5. ፎቶና ድምፅ

ጥሩ ብርሃን ያለው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓትና ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ቀትር ላይ ያለው የደጋ ፀሐይ ጥላውን ያጠቁረዋል። ቁራና አይቢስ የመሰለ ጥቁር ወፍ ሲያነሱ ስልኩ ሰማዩን አይቶ ወፉን ያጨልመዋል፤ ስክሪኑ ላይ ወፉን ነክተው ብርሃኑን ትንሽ ከፍ ያድርጉ። በጣት ጎትቶ ማጉላት ምስሉን ያበላሻል፤ እንዳለ አንስተው በኋላ ይቁረጡት። ተከታታይ ቀረጻ ይጠቀሙና አንዱን ብቻ ይምረጡ።

ደብዛዛም ቢሆን የራስዎን ፎቶ ይጠቀሙ። ከሌላ ሰው የተወሰደ የጠራ ፎቶ ከዚህ ብሎግ ጋር አይሄድም፤ የባለቤቱ ፈቃድ ከሌለም ሌብነት ነው።

ጅብን ለመመዝገብ ከቤት መውጣት አያስፈልግም፤ አያስፈልግምና አይውጡ። ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው ድምፁን ይቅዱ። በአንድ ቻናል፣ በኤምፒ3፣ በዝቅተኛ ጥራት ቢያስቀምጡት እንኳን በደንብ ይሰማል፤ ፋይሉም ቀላል ይሆናል።

6. መዋቅሩ ከቀለሙ ይቅደም

ወደ ኮምፒውተሩ ሲመለሱ ቀለም መምረጥ አይጀምሩ። በወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ገጽ ይሳሉ፦ የዕለት ማስታወሻና የእንስሳው መግለጫ። የዕለት ማስታወሻው በቀን ይሄዳል፤ መግለጫው ቋሚ ነው፣ በየጊዜው ይታደሳል። ስለ ጥንብ አንሳው በጻፉ ቁጥር ማስታወሻው ወደ መግለጫው ያገናኛል፤ መግለጫው ደግሞ ሁሉንም ማስታወሻዎች ከሥሩ ይዘረዝራል። አብዛኛው ጀማሪ ብሎግ ይህ ስለሌለው ጽሑፎቹ ወደ ታች እየወረዱ ይጠፋሉ።

መሣሪያውን በተመለከተ ገንዘብ ሳያወጡ ለመጀመር ብሎገር የሚባለው የጉግል አገልግሎት ይበቃል። ለደንበኛ ማሳያ እንዲሆን ከፈለጉ ግን ዎርድፕሬስን በራስዎ ሆስቲንግ (ድረ ገጹ በሚቀመጥበት የኪራይ ሰርቨር) ላይ ይጫኑት፤ ደንበኞች በብዛት የሚጠይቁት እሱን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ስላለ ለማንኛውም ችግር መልስ አይጠፋም። ቀላልና ባዶ የሆነ ቴም (የገጹን መልክ የሚወስን ዝግጁ ንድፍ) ይምረጡ። የሚንሸራተቱ ምስሎችና የሚዘሉ ጽሑፎች የተጫኑበት ቴም የሚጠቅመው ለሻጩ ብቻ ነው።

የቀን ጉዳይ ለብቻው ይታሰብበት። ዎርድፕሬስ የሚያውቀው የጎርጎርዮሳዊውን አቆጣጠር ነው። ራሱ የሚያወጣውን ቀን ይደብቁና በእኛ አቆጣጠር የሚጽፉበት አንድ ተጨማሪ መስክ ያዘጋጁ። ከዚያ በመነሻው ገጽ ላይ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉትን 13 ወራት ደርድረው እያንዳንዱን ወደዚያ ወር ማስታወሻዎች ያገናኙ። አንባቢ «በጥቅምት ግቢያችን ምን ይመጣል» ብሎ የሚገባበት በር ይህ ነው። የእኛ ወራት ከዝናቡና ከአበባው ጋር ስለሚሄዱ ይህ አደረጃጀት ከየትኛውም የተዘጋጀ ቴም ይሻላል።

7. የአማርኛ ፊደል በስክሪን ላይ

እዚህ ላይ ብዙ ዲዛይነር ለላቲን የተሠራውን ቴም እንዳለ ወስዶ አማርኛ ይሞላበታል፤ ውጤቱ የታጨቀ ገጽ ነው። ፊደላችን ጥቅጥቅ ያለና ዝርዝሩ የበዛ ነው። «ጨ»ን ከ«ጩ»፣ «ሕ»ን ከ«ሐ» የሚለየው ትንሽ ጭረት በ14 ፒክስል አይታይም። ዋናውን ጽሑፍ በስልክ ላይ ከ18 እስከ 20 ፒክስል ያድርጉት፤ የመስመሩን ከፍታ ከፊደሉ መጠን 1.7 እስከ 1.9 እጥፍ ይስጡት። በፊደላት መሐል ተጨማሪ ክፍተት አያስገቡ።

ኢታሊክ አይጠቀሙ። የግዕዝ ፊደል የራሱ ኢታሊክ ስለሌለው አሳሹ ፊደሉን በግድ ያጋድመዋል፤ መልኩም ያስቀይማል። አጽንዖት ሲያስፈልግ ደመቅ ያለ ፊደል ወይም ቀለም ይበቃል። ጽሑፉን በሁለቱም ዳር አያስተካክሉ፤ የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ በጠባብ ስክሪን ላይ በቃላት መሐል ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል። ወደ ግራ ብቻ ያስጠጉት።

ከፊደል ቅርጾች ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ነጻ ናቸው። ለርዕስ አንዱን፣ ለዋናው ጽሑፍ ሌላውን ይምረጡ፤ ከሁለት አይለፉ። ፋይሉን ዎፍ2 በሚባለው፣ ለድረ ገጽ በተጨመቀ የፊደል ፋይል ዓይነት ያስገቡ፤ የማይጠቀሙባቸውን ውፍረቶች ያስወጡ። የገጹን የቋንቋ መለያ «አማርኛ» ብለው ያስተካክሉ፤ ለዓይነ ስውራን የሚያነብ ፕሮግራምም ሆነ የመፈለጊያ ሞተር የሚመራው በዚህ ነው።

ደንበኛ የሚያመጣው የቆየ ጽሑፍ ዩኒኮድ (የሁሉም ቋንቋ ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ) ከመለመዱ በፊት በነበሩ የፊደል ፕሮግራሞች የተተየበ ከሆነ ድረ ገጽ ላይ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ይሆናል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም የድሮዎቹ ፋይሎች ዛሬም በየቢሮው አሉ። ሥራውን ከመቀበልዎ በፊት አንድ ገጽ ናሙና ጠይቀው ይሞክሩ።

ፍለጋውም የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ጸሀይ»። አንዱ «አእዋፍ»፣ ሌላው «አዕዋፍ»። ኮምፒውተሩ እነዚህን የተለያዩ ቃላት አድርጎ ያያቸዋል፤ አንባቢውም «ምንም አልተገኘም» ይባላል። በየገጹ መለያ ቃላት ውስጥ ሁለቱንም አጻጻፍ ያስገቡ። ፕሮግራም የሚያውቁ ከሆነ ደግሞ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በፍለጋ ጊዜ አንድ እንዲሆኑ ያድርጉ። ይህን የሠራ ዲዛይነር ለጋዜጣና ለቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ሊቀጠር የሚችል ባለሙያ ነው።

የገጹን አድራሻ ግን በላቲን ፊደል ይጻፉ። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በአድራሻ ውስጥ ሲገለበጥ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፤ ስድስት ፊደል ያለው «ጥንብ አንሳ» ከ50 በላይ የተመሰቃቀለ ምልክት ሆኖ በቴሌግራም ሲላክ ሰው ሊከፍተው ይፈራል።

8. ክብደት

አንባቢዎ የሚገባው በስልክ፣ ገንዘብ ከፍሎ በገዛው ዳታ ነው። ስልክ ያነሳው ፎቶ አራትና አምስት ሜጋ ባይት ይመዝናል፤ ስፋቱን ወደ 1,200 ፒክስል አውርደው ዌብፒ በሚባለው ቀላል የምስል ፋይል ዓይነት ሲያስቀምጡት ከ150 ኪሎ ባይት በታች ሊሆን ይችላል። ዎርድፕሬስ ዌብፒን ከ5.8 እትም ጀምሮ ይቀበላል፤ ምስሉ ወደ ስክሪኑ ሲቃረብ ብቻ እንዲወርድ የሚያደርገውም ከ5.5 ጀምሮ ነው። ለእያንዳንዱ ምስል አማራጭ ጽሑፍ (ምስሉ በማይታይበት ጊዜ የሚነበብ መግለጫ) በአማርኛ ይጻፉ፦ «ወፍ» ሳይሆን «አይቢስ በዝናብ የረጠበ ሣር ላይ ምንቃሩን አፈር ውስጥ ተክሎ»። በጽሑፉና በመደቡ መሐል ያለው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን፤ ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ ፀሐይ ላይ ቆሞ ታክሲ ለሚጠብቅ አንባቢ አይታይም። ከዚያ በርካሽ አንድሮይድ ስልክ፣ በደካማ ኔትወርክ ራስዎ ይክፈቱት።

9. ምን አይታተም

ስልክ ያነሳው ፎቶ ውስጥ ቦታውን የሚናገር መረጃ ተደብቆ ይቀመጣል። ከመስቀልዎ በፊት ያጥፉት። ዎርድፕሬስ የሚያሳንሳቸው ቅጂዎች ውስጥ ባይገኝ እንኳን ዋናው ፋይል ላይ ሊቀር ይችላል፤ ቤትዎ የት እንደሆነ ለማያውቁት ሰው መንገር ነው። የጎረቤት ልጅ፣ የጎረቤት መስኮት፣ የመኪና ታርጋ ከፎቶው ጀርባ ካለ ይቁረጡት።

የጎጆን ትክክለኛ ቦታ ጫጩቶቹ እስኪወጡ አይግለጹ። የጉጉትን ማደሪያ ፈጽሞ አይጻፉ፤ በእኛ አገር ጉጉትን በመጥፎ ምልክትነት የሚያይ ብዙ ሰው አለና በድንጋይ ትመታለች። ብርቅ የሆነ ወይም ለመጥፋት የተቃረበ እንስሳ ሲሆን ሰፈሩን እንጂ ግቢውን አይጥቀሱ። የተቀዳ ድምፅ እያጫወቱ ወፍ መጥራትም በጎጆ ወቅት ወላጆቹን ከእንቁላላቸው ያርቃል።

10. ለደንበኛ ማሳየት

ብሎጉ የተወሰኑ ማስታወሻዎችና ጥቂት የተሟሉ መግለጫዎች ሲኖሩት ለማሳየት ደርሷል። እስኪሞላ አይጠብቁ። ለማን እንደሚያሳዩት ግን ይምረጡ። ወፍ ለማየት የሚመጡ ጎብኚዎችን የሚመሩ አስጎብኚዎች፣ በባሌና በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ ያሉ ሎጆች፣ ችግኝ አፍይዎች፣ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበራት፣ የግብርና ባለሙያዎች፣ እነዚህ ሥራዎን ሲያዩ ወዲያው ራሳቸውን ያዩበታል። የሠሩትን ሲያሳዩ ስለ ቀለም አያውሩ። «ይህ ገጽ በደካማ ኔትወርክም ይከፈታል፤ እዚህ ላይ በሁለቱም አጻጻፍ ቢፈልጉ ይገኛል፤ ይህ ፎቶ ቦታውን አይናገርም» ይበሉና ስልኩን ለደንበኛው ሰጥተው ራሱ ይሞክረው።

ሲስማሙ ውሉ አጭርና በጽሑፍ ይሁን፦ ስንት ዓይነት ገጽ፣ ጽሑፉንና ፎቶውን የሚያቀርበው ማን፣ እስከ መቼ። የማሻሻያ ዙሩን በሁለት ይገድቡት፤ ከዚያ በላይ ያለው ለብቻው ይከፈልበታል። ሥራው ሳይጀመር ቀብድ ይቀበሉ፤ ግማሽ ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ዶሜይኑን (የድረ ገጹን የአድራሻ ስም) በደንበኛው ስምና ኢሜይል ያስመዝግቡ። በዲዛይነሩ ስም የተመዘገበ ዶሜይን ከዓመት በኋላ የጠብ ምንጭ ይሆናል፤ በተለይ ዲዛይነሩ አገር ሲቀይር ወይም ስልኩን ሲቀይር።

ሲያስረክቡ ሦስት ነገር በእጁ ይስጡት፦ የይለፍ ቃሎቹን፣ የሙሉ ድረ ገጹን ቅጂ በፍላሽ፣ እንዲሁም አዲስ ጽሑፍ እንዴት እንደሚጫን የሚያሳይ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ። ያንን መመሪያ ከመስጠትዎ በፊት ድረ ገጹን የሚያስተዳድረው ሰው እርስዎ አጠገብ ተቀምጦ አንድ ጽሑፍ ብቻውን ይጫን፤ የተደናቀፈበትን ቦታ ሁሉ መመሪያው ላይ ያስተካክሉ።